ሳላነብ ያጠፋሁት መልስ

የአማርኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች የምንወያይበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚን ከሆንኩ አራት ዓመት አለፈኝ። መክፈቱ ቀላል ነው። ደንብ ጻፍኩ፣ ፒን አደረግኩት፣ አንድ ጓደኛዬን ረዳት አድርጌ ሾምኩ። ማስታወቂያ የሚለጥፉትን ማስወጣትም ብዙ አያደክምም። የሚያደክመው ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሲጣሉ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ጠቡ የመጣው በሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው በሚለያይ ፊደላት ነው። ከሩቅ ለሚያይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለኮምፒውተር ግን «ሠ» እና «ሰ» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የአንዱ ቁጥር 1220፣ የሌላው 1230 ነው። «ሠራተኛ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። «ዓለም» እና «አለም» ላይም ያው ነው። እኔ አቋም ነበረኝ። ሁሉንም ወደ አንድ ቀይሮ መገላገል፤ የሚቀመጠውን ጽሑፍ ጭምር።

አንድ ምሽት ይህንኑ ጻፍኩ። ግሩፑ ተቀጣጠለ። አንዱ «ቅርስ ልታጠፉ ነው» ሲል ሌላው «እንግዲያው በብራና ጻፉ» ይላል። ለማብረድ ብዬ ስሎው ሞድ አበራሁ፤ አንድ ሰው በ5 ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ። ስሎው ሞድ ግን አድሚንን አይገድብም። ረዳቴም ከኔ ጋር ነበር። እኛ ሁለታችን እንዳሻን እንጽፋለን፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚህ መሃል አንድ ሰው «ግዕዝ ሳታውቁ ፊደል የምትሽሩት ማን ሥልጣን ሰጥቷችሁ ነው?» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። «አንተ መጀመሪያ ኮድ መጻፍ ተማር» አልኩት። ተራው ሲደርስ ረጅም መልስ ላከ። የመጀመሪያው መስመር ቁጣ ነበር፤ ከዚያ አላለፍኩም። አጠፋሁት። ሰውየውንም ለአንድ ሳምንት እንዳይጽፍ ዘጋሁበት።

አድሚን ያጠፋውን መልእክት ቴሌግራም ለ48 ሰዓት ለአድሚኖች ያቆየዋል። በማግስቱ ገብቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከመጀመሪያው መስመር በታች ያለው ሁሉ ትምህርት ነበር። «ሰአሊ ለነ» ሲባል «ለምኚልን» ማለት ነው፤ «ሠዓሊ» ደግሞ ሥዕል የሚሥል ነው። ሆሄውን ካምታታነው ልመናው ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ የተጻፈውን አትንኩ፤ ለፍለጋ ብቻ ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጁና ሞክሼዎቹን እዚያ ላይ አንድ አድርጉ ይላል። ለሁለቱም ወገን የሚሆን መልስ ነበር። አንድም ሰው ሳያየው ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የሰውየውን ስልክ ለምኜ ደወልኩ። ድምፃቸውን ስሰማ የአባቴ እኩያ መሆናቸው ገባኝ። «አንተ» ብዬ ነበር የጻፍኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። «ልጄ፣ መቆጣትህ አይደለም የከፋኝ» አሉኝ፤ «ሳታነበኝ መቅረትህ ነው።»

ለአድሚኖች የሚሰጠው ምክር ስድብ ያያችሁ እንደሆነ ወዲያው አጥፉ ይላል። በቴክኒክ ክርክር ላይ ግን በዚህ ምክር አልስማማም። እኔ አሁን ለአሥር ደቂቃ ሁሉም እንዳይጽፍ እዘጋለሁ፣ መልእክቱን እስከ ታች አነባለሁ፣ ከዚያ ለሰውየው በግል እጽፋለሁ። አብዛኛው ሰው በግል ሲያናግሩት ይለዝባል። በብሔር ወይም በእምነት የመጣ ስድብ ከሆነ ወይም የሰው ስልክ ከተለጠፈ ግን አንድ ደቂቃም አልጠብቅም።

ሌላው፣ አቋም ያላችሁበት ክርክር ሲነሳ ሥልጣኑን ለሌላ ስጡ። ለዚህ ብዬ ከኔ ጋር እምብዛም የማይስማማ ሰው ረዳት አድርጌያለሁ። መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። አሁን ያለሱ አልሠራም። «የኔ መንገድ ይሻላል» የሚል ሰው ደግሞ በፍለጋ ያጣውን ቃል ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን። ምሳሌ ሲመጣ ጩኸቱ ይቀንሳል።

እሳቸው ወደ ግሩፑ አልተመለሱም። ብለምናቸውም እምቢ አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሆሄያቸው ሲለወጥ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላትን ዘርዝረው በኢሜይል ላኩልኝ። ፍለጋውን ባሻሻልን ቁጥር ዛሬም የምንፈትሸው በዚያ ዝርዝር ነው።