«ልጅቷስ ምን አለች?»

ጀርመን አገር፣ ሃይደልበርግ ከተማ ዘመድ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደ ፈረሰው ቤተ መንግሥት ነው። እናቴ ለሁለት የተሰነጠቀውን ግንብ አይታ «ማን አፈረሰው?» አለችኝ። አስጎብኚዎቹ ሲሉ የሰማሁትን ደገምኩላት፦ «ፈረንሳዮች፣ በአንዲት ልጅ ጋብቻ ሰበብ።» «ልጅቷስ ምን አለች?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

መልሱን ፍለጋ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሁለት ዓመት ፈጀሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን በከንቱ ነው ያለፈው። ልጅቷ ኤሊዛቤት ሻርሎተ፣ በቤት ስሟ ሊዘሎተ ትባላለች፤ በ1652 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን ናቸው) እዚሁ የተወለደች የፋልትስ ልዕልት፤ ፋልትስ ያኔ ሃይደልበርግን የሚያጠቃልል የጀርመን ግዛት ነበር። በ1671፣ በ19 ዓመቷ፣ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ወንድም ለፊሊፕ ተዳረች። እኔም እንደ ሞኝ የፍቅር ታሪክ ፍለጋ ገባሁ። ፍቅር ከየት ይምጣ! ሜትስ ከተማ ላይ በወኪል ተድራ፣ ከፕሮቴስታንትነት ወደ ካቶሊክነት ተዛውራ፣ ባሏን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የገባኝ የዘመኑን የልዕልቶች የጋብቻ ውል ማንበብ ስጀምር ነው። ውሉ ገንዘብ በገንዘብ ነው፦ ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ይዛ የምትሄደው፣ ባል በሠርጉ ማግስት ጠዋት የሚሰጣት «ሞርገንጋበ»፣ ባሏ ቢሞት የምትተዳደርበት «ቪቱም»። ልዕልት ስትዳር ሕዝቡ ላይ ግብር ይጣል ነበር። እኛ ዘንድ ጥሎሽ ከወንድ ወገን ስለሚመጣ ማን ለማን እንደሚከፍል እየተምታታብኝ ስንት ማስታወሻ ቀደድኩ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጅቷ የአባቷን አገር ውርስ መተዋን የሚገልጸው አንቀጽ ነው። የሊዘሎተም ውል ይህ ነበረበት። ወንድሟ በ1685 ያለ ልጅ ሲሞት ግን ሉዊ «የወንድሜ ሚስት ድርሻ አላት» ብሎ ተነሣ። በ1688 ጦሩ ገባ፤ ሃይደልበርግ በ1689ም በ1693ም ተቃጠለች።

አሮጌውን የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ስድስት ወር ታገልኩ፤ ደብዳቤዎቿ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታትመው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል ያለኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ስሞቹም አሳር ናቸው፤ ሶፊና ሻርሎተ ያልሆነች ሴት ያለች አይመስልም። በመጨረሻ ሁሏንም ከባሏና ከተዳረችበት አገር ጋር እየጻፍኩ ተገላገልኩ። ቀኖቹ ደግሞ አሉ፦ ፕሮቴስታንቶቹ የጀርመን አገሮች እስከ 1700 በአሮጌው አቆጣጠር፣ 10 ቀን ወደ ኋላ ነበሩ። መስከረምን ከሴፕቴምበር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው በዚህ መሳሳት አልነበረበትም፤ ተሳሳትኩ።

ደብዳቤዎቿን ፖስታ ቤት እየከፈተ እንደሚያነብባት ታውቅ ነበር። ቢሆንም በ1689 ሃኖቨር ላለችው፣ በልጅነቷ ላሳደገቻት አክስቷ ለሶፊ የልቧን ጻፈች፦ አገሯ በእሷ ስም መፍረሱ እንዳንገበገባት፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ሃይደልበርግና ማንሃይም ፈርሰው እየታዩዋት እንደምትባንን።

ያን ማታ ለእናቴ ደውዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ለአክስቷ? እናት አልነበራትም እንዴ?» አለች። ነበረቻት። አባቷ ግን እናቷን ገፍቶ፣ «አልፋታም» እያለችው፣ በ1658 ደገንፌልድ የሚባል መኳንንት ልጅ የሆነችውን ሉዊዘን አግብቶባታል። የእሱን ውል ገና አልጀመርኩትም።