ጾመኛዋ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የቢሮ ልጆች ክትፎና ጥብስ ሲያዙ እኔ ሽሮ አልኩ። ከመካከላቸው አንዷ ታዲያ፣ «ዓርብ ቢሆንስ በዓለ ሃምሳ አይደል እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቅቤ አልወድም። እንቁላል አልወድም። ጮማማ፣ ገና ሽታው ሲመጣ ሆዴ ይገለበጣል። እኛ ቤት ደግሞ ምግብ መምረጥ የጥጋብ ምልክት ነው፤ «የሞላላት!» ተብዬ ነው ያደግኩት። በትሪ ዙሪያ መደበቅ ለምጃለሁ፤ ወጡ ያልደረሰበትን እንጀራ ዳር ዳሩን እየቆረስኩ ከሁሉ እኩል የበላሁ እመስላለሁ። የሚያጋልጠኝ ጉርሻ ነው። ለፋሲካ አክስቴ የጠቀለለችው ጉርሻ ቅቤው በጣቶቿ መካከል ይንጠባጠባል፣ የእንቁላሉ አስኳል በጎን ብቅ ብሏል። «በሞቴ!» ስትለኝ ምን ልበል? ሳላኝክ ዋጥኩት። እንባዬ ሲመጣ በርበሬው ነው ብላ አዘነችልኝና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።

ሰው ግን ጾመኛ ይለኛል። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ነቢያትን ሳላጓድል እጾማለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄማ መነኩሴ ናት» ትላለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ሌላው ሥጋ እያማረው ቀን ሲቆጥር እኔ ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ሱፍ ፍትፍቱን ይዤ ዓለሜን እቀጫለሁ። ቁርስ እንደሆነ ድሮም አልበላም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የምሸሸግበት ቀን የለኝም። የእኔ ሁዳዴ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሰው የሚጾመው ከሚወደው ነገር ከሆነ እኔ ምኑን ጾምኩት? ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጾሜ አላውቅ ይሆናል። ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው እላለሁ፣ ደግሞ እፈራለሁ። ቀኖናሽ ዶሮ ወጥ መብላት ነው ቢሉኝስ?