“ሞቷል” የተባለው የጀልባዬ ሊቲየም ባትሪ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው በማመላልስባት ጀልባ ላይ የአሲዱን ባትሪ አውጥቼ ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ብረት ፎስፌት አስገብቻለሁ። ቀላል ነው፣ ከሶላርም ቶሎ ይሞላል። ለመብራት፣ ለውኃ መምጠጫው ፓምፕና ለተሳፋሪ ስልክ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ችግር ሲገጥመው ግን እንደ አሲዱ እየደከመ አያስታውቅም፤ በአንዴ ጭልም ይላል።

አንድ ምሽት ስንመለስ መብራቱም ፓምፑም አብረው ጠፉ። ወደብ ደርሼ በቴስተር ስለካው 3 ቮልት እንኳ አልሞላም። አጠገቤ የቆመ ጀልባ ነጂ “ወንድሜ፣ ይኼማ ሞቷል፤ ሌላ ግዛ” አለኝ። አላመንኩም። በዚህ ባትሪ ውስጥ ሴሎቹን የሚጠብቅ ቢኤምኤስ የሚባል ሰርኪት አለ። ቮልቱ ወደ 10 ሲወርድ፣ ሲሞላ ከ14.6 ብዙ ሲያልፍ፣ ወይም ከልክ በላይ ከረንት ሲሳብበት መስመሩን ይቆርጣል። ከተቆረጠ በኋላ ቴስተሩ የሚያነበው የሴሎቹን ቮልት አይደለም።

መጀመሪያ ያበጠ ወይም የሚሸት ነገር እንዳለው አየሁ፤ ቢኖረው ኖሮ ባልነካሁት። ከዚያ ጭነቱን ሁሉ ነቀልኩ። ብዙ ቻርጀር ቮልት ካላገኘ ሥራ አይጀምርም። ስለዚህ አንድ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አምጥቼ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ለጥቂት ሰከንድ አገናኘሁ። ቢኤምኤሱ ነቃ፣ ቻርጀሩም ተቀበለው። ቻርጀሩ የሊቲየም መሆን አለበት። አንዳንዱ የአሲድ ቻርጀር በአሲድ ባትሪ ውስጥ የሚጋገረውን ሰልፌት ለማራገፍ ከ15 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ ቢኤምኤሱ መልሶ ይቆርጣል።

ባትሪው ተነሣ፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ግን አልታወቀም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል፣ ያው ችግር ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ሁለት ቦታ ለካሁ፦ የሶላር መቆጣጠሪያው ላይ 14.4፣ ባትሪው ጫፍ ላይ 13.6። የጠፋው 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በእጄ ስዳስስ የኔጋቲቩ ብሎን ይፋጃል። ስፈታው በኬብሉ ቀለበትና በባትሪው ጫፍ መካከል የብረት ሮንዴላ ገብቷል። ቀለበቱ ባትሪውን በቀጥታ መንካት አለበት፤ የሮንዴላው ቦታ ከላይ ነው። መቆጣጠሪያው ግን የሚያየው የራሱን ቮልት ብቻ ስለሆነ “ሞልቷል” እያለ ቀድሞ ያቆም ነበር፣ ባትሪውም በየቀኑ ጎዶሎ ያድራል።

ይህን ሳያስታውቅ ያቆየው የሊቲየሙ ጠባይ ነው። ሳይሠራ አርፎ ሲለካ፣ ሰባ በመቶ ሲኖረው 13.2 አካባቢ፣ ሠላሳ በመቶ ሲቀረው ደግሞ 13 አካባቢ ያሳያል። አሲድ የለመደ ዓይን 13 ሲያይ ሙሉ ይመስለዋል። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሜትር አስገጥሜያለሁ፤ በእኔ ግምት ከባትሪው ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነው።

ሌላው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው የሞተሪኖ ነገር ነው። አንድ አንጋፋ ጀልባ ነጂ ቁልፍ በዞረ ቁጥር ጀልባው ይጨልምባቸዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። “ጋሼ፣ ባትሪው ደህና ነው፤ ሞተሪኖውን ከእሱ ላይ ያውርዱት” አልኳቸው። ሞተሪኖ ሲነሣ በቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ የእሳቸው ቢኤምኤስ የተሠራው ለ100 ነው። ለማስነሻ የአሲድ ባትሪ አስቀመጥን፣ በሁለቱ መካከል ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚሞላ ቻርጀር ገባ። ሊቲየም በቀጥታ ከተያያዘ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚቀበል፣ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ያግላል። ሞተሩ እየሠራ ቢኤምኤሱ ድንገት ቢቆርጥ ደግሞ የዲናሞው ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ያ ቻርጀር ሁለቱንም ይከላከላል።

ክረምት ላይ መንገደኛ ሲቀንስ ባትሪውን በግማሽ ሙሌት ትቼ ኔጋቲቩን እነቅላለሁ፤ ሬዲዮና የፓምፕ አውቶማቲክ ማብሪያ ጠፍተው እንኳ ትንሽ ትንሽ ይስባሉ።