ሙሽራዋ ወደኋላ የተራመደችበት ዲቪዲ

የአባቴና የእናቴ ሠርግ የተቀረጸበት የቪዲዮ ካሴት ቁም ሣጥን አናት ላይ ሠላሳ ዓመት ተኝቷል። ጥር 1987 ዓ.ም. አዘዞ ላይ የተደገሰ ሠርግ ነው። መስከረም ላይ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ለጥምቀት ስትመጡ በዲቪዲ አሳያችኋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ሙያው ገና አልነበረኝም፤ ፉከራ ግን ሙያ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ካሴቱ ሻግቶ ነበር። እኔም ምንም ሳላጣራ ዴኩ ውስጥ ከተትኩት። ሻጋታው ከካሴቱ ወደ ዴኩ «ሄድ»፣ ማለትም ምስሉን ከክሩ ላይ ወደሚያነበው ክፍል፣ ተሸጋገረና ስክሪኑ ላይ በረዶ ዘነበ። ሄዱን በጥጥ ልጠርግ ስል የጥጡ ክር እዚያው ተቀረቀረ። ለካ ጥጥ የሄድ ጠላት ኖሯል፤ ክር በማይለቅ ጨርቅና በንጹሕ አልኮል ነው የሚጸዳው። አጎቴ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው «ከአረቄ የበለጠ የሚያጸዳ ምን አለ?» ብለው ጠርሙሱን ሊያመጡ ተነሡ። አረቄው ውኃ እንዳለበት አስረዳኋቸው። «የእኛ ቤት አረቄ?» ብለው ተቀየሙ።

እንደምንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ፋይሉን እንዳለ ባዶ ዲስክ ላይ ወርውሬ ማጫወቻው ውስጥ ብከተው «የማይታወቅ ዲስክ» አለኝ። ዲቪዲ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ኤምፔግ 2 በሚባል የአጨማመቅ ዘዴ ይዘጋጃል፣ የፋይሉ አደራደር ደንብ አለው፣ ሁሉም ደግሞ እኔ በያዝኩት ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ውስጥ መጠቅለል አለበት። ይህንን ስማር ስድስት ዲስክ አቃጠልኩ። ሰባተኛው ሲቃጠል መብራት ጠፋ። ዛሬ ሰባቱም የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆነው ያገለግላሉ።

ጉዱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን የሚሠራበት ፓል የሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፤ እያንዳንዱ ምስል ደግሞ የሁለት ግማሾች ስፌት ነው። አንዱ ግማሽ፣ «የላይኛው» የሚባለው፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይይዛል፣ ሌላው፣ «የታችኛው»፣ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን፤ ተራ በተራም ይወጣሉ። የትኛው እንደሚቀድም ለኮምፒውተሩ መንገር ያስፈልጋል። እኔ ከአንድ መምህር ቪዲዮ ላይ «የታችኛው ይቅደም» የሚለውን ገለበጥኩ። መምህሩ የሚያወራው ስለ ዲጂታል ካሜራ ካሴት ነበር። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩበት መቅጃ ግን የላይኛውን ነው የሚያስቀድመው። ተራው ሲገለበጥ ያለፈው ከሚመጣው በኋላ ይታያል፤ ሰው አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ይላል ማለት ነው።

አልሞከርክም እንዳትሉኝ፤ ቴሌቪዥን ላይ ሞክሬያለሁ። ነገር ግን የሞከርኩት የምወደውን ክፍል፣ እስክስታውን ነበር። ትከሻ ወደፊትና ወደኋላ ቢል ማን ይጠረጥራል? እንዲያውም «የዱሮ ሰው እንዴት ይጨፍር ነበር!» ብዬ ተደነቅኩ።

ጥር 13 ሳሎኑ ሞላ። ባማረ ማውጫ፣ በአራት ምዕራፍ ከፋፍዬዋለሁ። «መግቢያ» የሚለውን ስጫን ሙሽሮቹ ወደ ዳሱ መጡ። መጡ ልበል እንጂ፣ ተንቀጠቀጡ። እናቴ አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ወዲያው ትመልሳለች፣ ደግሞ ታነሣለች። ሚዜዎቹ አብረዋት ይርገበገባሉ። ካሜራው ሲዞርማ ዳሱ ራሱ ሊነቀል ደረሰ።

ዝምታውን የሰበሩት ጋሼ ናቸው። «እኔ ያን ጊዜም ብያለሁ፤ ልጅቷ አልፈለገችም ነበር።»

አባቴ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር እንጂ አላስተባበለችም። እኔ ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ስነሣ ምዕራፍ ሦስት ደረሰና የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ወጣት ጋሼ ብቅ አሉ። ትከሻቸው እንደ ወንፊት ይነጥራል። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

በማግሥቱ ተራውን አስተካክዬ አዲስ ዲስክ ይዤ ሄድኩ። አሁን እናቴ ቀጥ ብላ ትገባለች። ጋሼ ግን እስክስታው ላይ ሲደርስ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም። ትከሻዬን ምን አደረግከው?»

የመጀመሪያው ዲስክ አሁን እሳቸው ቤት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሪሞቱን አንሥተው በቀጥታ ወደ ምዕራፍ ሦስት ይሄዳሉ።