ጠብታ ቆጠራ

ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ እማዬ አልጋ አጠገብ ዋልኩ። ጉሉኮሱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተሰካላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "መቼ ነው የሚያልቀው? የሰላ ድንጋይ መኪና ያመልጠናል" ማለት ጀመረች።

ሲስተሯን ጠየቅኳት። ሰዓቷን እያየች ለ15 ሰከንድ ጠብታውን ቆጠረች፤ 10። "በደቂቃ 40 ነው። በዚህ ቱቦ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በደቂቃ 2 ይገባል። ከረጢቱ 1000 ነው፤ 500 ደቂቃ ይፈጃል።" 8 ሰዓት ከ20! ማታ 12 ከ20 ማለት ነው። መኪናው ቀረ።

እማዬ ግን የሰማችው 40ውን ብቻ ነው። "አርባ? እግዚኦታው እኮ አርባ አንድ ነው፤ አንድ ጨምሪበት!" መቁጠሪያዋን አውጥታ ከጠብታው ጋር እኩል መቁጠር ጀመረች።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ቱቦው ላይ ያለችውን የጠብታ መቆጣጠሪያ ትንሽ ከፈት ላደርጋት እጄን በልቶኝ ነበር። ሲስተሯ፣ ልቡ የደከመ ሰው ላይ ፈሳሽ ከተጣደፈ ሳንባ ውስጥ እንደሚጠራቀም ስትነግረኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ስንቱ አስታማሚ ይሆን "ቶሎ ይለቅ" ብሎ የሚነካካት?

ያለቀው 1 ሰዓት ላይ ነው። ለካ እማዬ ባማተበች ቁጥር ክንዷን እያጠፈች ጠብታውን ታቆመው ኖሯል።