ጃንሆይ የትኛው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሳታሚ ቤት በአርታዒነት ስሠራ ነው። የአንድ አዛውንት የታሪክ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሊገባ ደርሷል። የቀረው ከመጨረሻ የሚገባው መጠቁም፣ ብዙዎቻችን ኢንዴክስ የምንለው፣ ስሞች የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ በፊደል ተራ የሚያሳየው ዝርዝር ነው። አለቃችን «ኮምፒውተሩ ይሠራዋል፣ ከሰዓት ይደርሳል» አለ። ደረሰም።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ዓለማየሁ አንድ ነው። እናንተ ሁለት አድርጋችሁታል።»

እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ ውስጥ አንዳንዱ ቦታ በ«አ»፣ ሌላው ቦታ በ«ዐ» ተጽፏል። ለጆሮ ልዩነት የለውም። በፊደል ገበታ ግን «አ» ከ«ኘ» ቀጥሎ፣ «ዐ» ከ«ወ» ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ኃይሌዎቹም «ሀ»ና «ኀ» ውስጥ ተበትነዋል። ባለማዕረጎቹማ አይነሱ! ደጃዝማቾቹ በሙሉ «ደ» ላይ ተኮልኩለዋል።

ይሄ እንኳ በቀላሉ ይታረማል። የባሰው ጃንሆይ ነው። የ1888ቱ የዓድዋ ምዕራፍ ላይ ያሉት ጃንሆይ ምኒልክ ናቸው፤ የ1928ቱ ማይጨው ላይ ያሉት ኃይለ ሥላሴ። ማሽኑ ሁለቱን ንጉሥ አንድ አደረጋቸው። ኃይለ ሥላሴን ደግሞ ተፈሪ መኰንን፣ አባ ጠቅል እያለ በየቦታው በታተናቸው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ የነበሩ፣ ዶሚኒካን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት የመጽሐፍ ቅዱስን ቃላት ለቅመው በፊደል ተራ ደረደሩ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ግሮስቴስት ግን በየሐሳቡ ምልክት አውጥቶ፣ እያነበበ በመጻሕፍቱ ኅዳግ ላይ ያኖር ነበር። የእኛ ኮምፒውተር የመነኮሳቱን ሥራ አሳምሮ ሠርቷል። የግሮስቴስት ሥራ ነው የቀረው።

ስለዚህ ከአዛውንቱ ጋር ከገጽ 1 ጀመርን። ስም ይቀድማል፣ ማዕረግ ይከተላል፦ «ባልቻ ሳፎ፣ ደጃዝማች»። «አባ ጠቅል» ላይ «ኃይለ ሥላሴን ይመልከቱ»። አለቃችን ኅትመቱ ዘገየ ብሎ ተነጫነጨ።

ወደ መጨረሻው ግን አንድ ጉድ ወጣ። ማይጨው ላይ የወደቁ አንድ ደጃዝማች፣ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ከነጻነት በኋላ ሰርግ ይታደማሉ። ገጾቹ በአንድ ስም ሥር ሲሰለፉ ነው የታየን። አዛውንቱ ከት ብለው ሳቁ።

«ሰርገኛው እኮ ወንድማቸው ናቸው!» ብለው እስክሪብቶ አነሱ።