የቦሎቄ ደብተሬ፦ 11ኛው ድስት ላይ ደርሻለሁ

ዛሬ የቀቀልኩት 11ኛው ድስት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደዘፈዘፍኩ፣ ስንት ጨው እንደጨመርኩ፣ ምን ያህል እንደፈጀ ደብተር ላይ ስጽፍ ነበር። አሁን የሆነ መስመር የያዝኩ ስለመሰለኝ ላካፍላችሁ። እናንተም የሞከራችሁትን ጻፉልኝ።

የምኖረው ጅማ ነው። ሐሙስ ገበያ ወጣ ካሉ ቦሎቄና አደንጓሬ ሞልቷል፣ ኮረሪማው ደግሞ የአገሩ ነው። ስለዚህ የዕቃ ችግር የለብኝም። ችግሬ ሌላ ነበር። ቁሌቱን ቆንጆ አድርጌ እሠራለሁ፣ ሽንኩርቱ ይበስላል፣ በርበሬው ይቁላላል፣ ቅመሙ ይገባል፤ ከዚያ የተቀቀለውን ቦሎቄ እገለብጥበታለሁ። መረቁ ይጣፍጣል። ቦሎቄውን ነከስ ሲያደርጉት ግን ውስጡ ዱቄት ዱቄት ይላል እንጂ ምንም ጣዕም የለውም። ግቢያችን ውስጥ ያሉ እማማ ቀመሱና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከላይ ተቀባ እንጂ አልገባውም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገው እንዴት እንደሚገባው ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ጨው ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ቦሎቄ አይበስልም ሲባል ነው ያደግነው፣ እማማም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ግማሽ ኪሎውን ለሁለት ከፈልኩና አንዱን በተራ ውሃ፣ ሌላውን በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩ። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ማታ ገብቶ ጠዋት ወጣ፣ 10 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሁለቱንም አለቅልቄ በተለያየ ድስት ጣድኩ። በጨው የተዘፈዘፈው እኩል በሰለ፣ እንዲያውም ልጣጩ ለስላሳ ሆኖ ሳይፈነዳ ቀረ፣ ውስጡም ጣዕም ነበረው። ምክንያቱን ሳነብ ደስ አለኝ፦ ልጣጩን የሚያጠነክረው ፔክቲን የሚባለው ነገር ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ተያይዞ ነው የሚቆመው፤ ከጨው የሚመጣው ሶዲየም የእነሱን ቦታ ሲይዝ ልጣጩ ይላላል። ለእማማ አንድ ሰሃን ወስጄላቸው ዝም ብለው ጨረሱት።

ቦሎቄ እንዳይበስል የሚያደርገው ኮምጣጣ ነገር ነው። 3ኛው ድስት ላይ ቲማቲሙን ከመጀመሪያው ከትቼ ጨመርኩና 3 ሰዓት ሙሉ ከሰል ስጨምር ዋልኩ፣ ቦሎቄው ግን ጠጠር እንደሆነ ቀረ። ቲማቲምና ሎሚ የሚገቡት ቦሎቄው በጣት ሲጫኑት ልፍስ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አይሞከርም! በዚያ ላይ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ቆላ ካለ ሰው የሰማችሁትን ሰዓት እዚህ አትጠብቁ፣ ይረዝማል። ፕሬዠር ያለው ሰው በዚህ ተገላግሏል።

6ኛውን ድስት ከአንድ ሱቅ በገዛሁት ቦሎቄ ሠራሁ። የከረመ ኖሮ ምንም ባደርገው አልበስል አለ። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ የቆየ ቦሎቄ እንደዚህ ነው፣ ቅመም አያድነውም። አሁን ስገዛ የዘንድሮ መሆኑን ጠይቄ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘውንና ልጣጩ ያልተሸበሸበውን ነው የማነሳው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፣ ወደ መቀቀያው ውሃ። ድሮ ቦሎቄን በባዶ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን እደፋው ነበር። ስንት ጣዕም እንደደፋሁ ሳስበው ያንገበግበኛል። አሁን አንድ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቄ የተቆረጠውን ፊቱን ከሰል ላይ ጠቆር እስኪል አስነካዋለሁ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ሳልልጥ ወገቡን እቆርጠዋለሁ፣ ዝንጅብል ጨቅጨቅ አደርጋለሁ፣ 1 ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ሁሉንም ከቦሎቄው ጋር እጥደዋለሁ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሼ ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ እተወዋለሁ። የጥብስ ቅጠል አንድ ትንሽ ዘለላ ይበቃል፤ 5ኛው ላይ አብዝቼው መድኃኒት መድኃኒት ብሎኛል። ኮረሪማን ከሁለት ከፍዬ ነው የምጠቀመው። ግማሹ ፍሬ ሸክሸክ ተደርጎ ከመጀመሪያው ይገባል፣ ግማሹ ተፈጭቶ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል። ሽታው በእንፋሎት ስለሚሄድ ሁሉንም መጀመሪያ የጨመረ ሰው መጨረሻ ላይ ያጣዋል።

ሲበስል ወዲያው አላጠለውም። በመረቁ ውስጥ እንዳለ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ መረቁን ይመጥና ጣዕሙ ይገባዋል፣ በማግስቱማ ሌላ ነገር ነው። ቁሌቱን ስሠራም ውሃ አልጨምርም፣ በዚያው መረቅ ነው የማሳሳው። አንድ ጭልፋ ቦሎቄ ፈጭቼ ስመልስበት ወፍራም ይሆናል። በጾም ዘይቱ ይበቃዋል፣ ፍስክ ከሆነ መጨረሻ ላይ ትንሽ ንጥር ቅቤ። ሲወርድ ቃሪያና ሎሚ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ይሄን አትለፉት። ቀዩ አደንጓሬ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያናጋ፣ የሚያስመልስ መርዝ አለው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል ይፍላ፣ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ሙቅ ብቻ ባለ ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማቆየት አይሆንም።

9ኛው ድስት ላይ ቡና ሞከርኩ። የቡና አገር ተቀምጬ እንዴት አልሞክር? ከጀበናው የቀረውን ቶና አንድ ስኒ አጥልዬ፣ በስሎ ወደ ቁሌቱ የገባው አደንጓሬ ላይ አፈሰስኩት። ደስ የሚል ጠቆር ያለ ምሬት ሰጠው፣ ከበርበሬውና ከቁንዶ በርበሬው ጋር በጣም ሄደ። 10ኛው ላይ በነጩ ቦሎቄ ደገምኩት፣ አልወደድኩትም። ነጩ ጣዕሙ ስስ ስለሆነ ቡናው ይውጠዋል። ለነጩ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ይሻለዋል።

የዛሬው 11ኛው ነጭ ነው፣ ልክ እንዳልኳችሁ የተሠራ፣ አሁን መረቁ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። ለ12ኛው ጥምዝ ገዝቻለሁ። ኮረሪማን አውጥቼ እሱን ብቻ ልሞክረው ነው። አደንጓሬው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጨው ውሃ ውስጥ ገብቷል።